ከእርሳስ ፊደል እስከ ባይት

በእርሳስ ፊደል ዘመን የጽሑፍ ስሕተት በዐይን ይታይ፣ በእጅም ይዳሰስ ነበር። ከአራዳ እምብዛም በማይርቀው አራት ኪሎ የሚገኘውና በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን የተቋቋመው የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ፊደል ለቃሚው ይደረድራል፤ አራሚውም የሙከራውን ቅጂ ከዋናው ጽሑፍ ጋር ያመሳክራል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ስሕተቱ ተሰወረ። ባለሙያው የጻፈው ፕሮግራም በኮምፓይለር አማካይነት ወደ መኪናው ቋንቋ ይለወጣልና፣ የተጻፈውና የሚሠራው አንድ መልክ የላቸውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ስሕተት ፈላጊ ፕሮግራሞች ተፈጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ኤዲቢ የተባለውን ይዞ ነበር፤ በ1986 ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን ጂዲቢን ጻፈ። ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ከታዘዘ፣ እያንዳንዱ የመኪና ትእዛዝ ከየትኛው የጽሑፍ መስመር እንደ መነጨ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያኖርለታል።

የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከተመዘገበ ወዲህ የዚህ መሣሪያ ጥቅም ለእኛ ጎልቶ ታይቷል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ባወጡት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ «አራዳ» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ ዘጠኝ ባይት ይፈጃል፤ በሲ ቋንቋ መዝጊያው ዜሮ ሲጨመር ዐሥር ይሆናል። ለሰፈር ስም ስምንት ባይት ብቻ የመደበ ፕሮግራም ትርፉን ቢቆርጥ «አራ» እና አንድ የማይነበብ ምልክት ያሳያል፤ ሳይቆርጥ ቢያልፈው ደግሞ በጎረቤቱ ያለውን መረጃ ያበላሻል።

ማያ ገጹን ብቻ የሚመለከት ሰው በፊደሉ ወይም በማተሚያው ያመካኛል። ጂዲቢ ግን «ብሬክ» በተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን በተፈለገው መስመር ያቆማል፤ «ኤክስ» በተባለውም ማኅደረ ትውስታውን ገልጦ 225፣ 138፣ 160፣ 225፣ 136፣ 171፣ 225፣ 0 የሚሉትን ቁጥሮች ይዘረዝራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት «አ»፣ ተከታዮቹ ሦስት «ራ» ናቸው። ሰባተኛው ከ«ዳ» ሦስት ባይቶች የተረፈ ነው፤ 139 እና 179 ቀርተዋል። «ዋች» በተባለው ትእዛዝ ያ ስፍራ ቢጠበቅ፣ የትኛው መስመር እንደ ለወጠው ፕሮግራሙ ቆሞ ይናገራል።

ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታየን። በመዝገብ ላይ ስሙ የተቆረጠበት ባለጉዳይ ማንነቱን ለማስረዳት ይቸገራል፤ ሰበቡም «ፊደላችን ለኮምፒውተር አይመችም» ወደሚል ፍርድ ይዞራል። ቁጥሮቹ የሚመሰክሩት ግን ጉድለቱ በፊደሉ ሳይሆን በተመደበለት ስፍራ መሆኑን ነው። የጥንቱ አራሚ ቅጂውን ከዋናው ሳያመሳክር አያሳትምም ነበር፤ የዛሬው ባለሙያም በማኅደረ ትውስታው ያለውን ሳያይ ፍርድ ሊሰጥ አይገባውም።