የደም ነቀርሳ ታሪክ፣ ከመቀሌ ሲታይ

በትግራይ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ፊቱ ገርጥቶ፣ ጣፊያው አብጦ፣ ትኩሳቱም አልለቀው ሲል፣ ዘመድ ጎረቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቆላ ወርዶ ነበርን?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ከከንቱ ልማድ የመጣ አይደለም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወባ ይዞት እንደሚመለስ የታወቀ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ወዲህም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር በዚያው ቆላ ተስፋፍቶ፣ ጣፊያን እያሳበጠና ደምን እያመነመነ ብዙ ጎልማሳ ፈጅቷል። ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ ደዌዎች ጥላ ሥር፣ ቆላ ወርዶ የማያውቀውን ሕፃን ሳይቀር የሚይዝ ሦስተኛ ደዌ ተሰውሮ ኖሯል፤ እርሱም ዛሬ የደም ነቀርሳ የምንለው ነው። ምልክቱ ከሁለቱ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ደምንና መቅኔን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ታማሚውም ወደ ጠበል ተወስዶ፣ በጸሎትና በቤተ ሰቡ እንክብካቤ ተጽናንቶ፣ የሕመሙ ስም ሳይታወቅ ወደ መቃብር ይወርድ ነበር።

የዚህን ደዌ ታሪክ ከምንጩ ጀምሮ የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ያገኛል፤ አንደኛው፣ የደም ነቀርሳ ከውጭ የመጣ ጠላት ሳይሆን በሰው መቅኔ ውስጥ የተፋለሰ ሥርዐት መሆኑን ነው፤ ሁለተኛው፣ ፈውሱም እንደዚሁ ያለ ማቋረጥ የሚጠበቅ ሥርዐት የሚሻ መሆኑን ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር መቀሌ ከብዙ ከተሞች ይልቅ በመራራ ተሞክሮ ተምራዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1845፣ በኤድንብራ ጆን ሂዩዝ ቤኔት፣ በበርሊን ሩዶልፍ ፊርኮ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምሩ ደሙ በነጭ ሕዋሳት ተሞልቶ መልኩን ለውጦ አገኙት። ቤኔት ነገሩን ደም መግል ከመሆኑ የመጣ መስሎት ነበር፤ ፊርኮ ግን ራሱን የቻለ ደዌ መሆኑን አስተውሎ ከሁለት ዓመት በኋላ ዓለም የተቀበለውን ስም ሰጠው። ደም ከወዴት እንደሚመነጭ ግን ገና አልታወቀም ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም.፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1868፣ ኤርንስት ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የደም ሕዋሳት የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ መሆኑን ገለጠ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌን መናገሻ አድርገው፣ ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ ዛሬም ቆሞ የሚታየውን ቤተ መንግሥት በሚያንጽላቸው ዘመን ደግሞ፣ ፓውል ኤርሊክ የደም ሕዋሳትን በቀለም እየነከረ ዓይነታቸውን መለየት ጀምሮ ነበር። ዛሬ በመቀሌ የላቦራቶሪ ባለሙያ በመስተዋት ላይ የቀባውን ደም ቀለም ነክሮ ሲመለከት፣ በዚያ ዘመን የተጀመረውን ጥበብ ይፈጽማል።

የሚመለከተውም እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የአንድ ጎልማሳ መቅኔ በየቀኑ ወደ 200 ቢሊዮን የሚጠጋ ቀይ የደም ሕዋስ ያፈራል፤ ቀዩ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ በአዲስ ይተካል፤ ከነጮቹ መካከል ብዙዎቹ ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆዩ ያልፋሉ። ይህ ሁሉ ልዩ ልዩ ፍሬ ከአንድ ዓይነት የመገኛ ሕዋስ ይወጣል። ከጥቂቶች በቀር እያንዳንዱ ሕዋስ 20,000 ያህል ዘረ-መሎች የተጻፉበትን መጽሐፍ በውስጡ ይዟል፤ የጉበቱም የነርቩም የነጭ ደሙም ሕዋስ የያዙት መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በንባቡ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት ተሟልተው ሳሉ፣ በዕለቱ የትኛው መልእክት፣ የትኛው ምስባክ፣ የትኛው ወንጌል እንዲነበብ የሚወስነው ግጻዌ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በሕዋስም ውስጥ የትኛው ዘረ-መል በጊዜው እንዲነበብ፣ የትኛውም ተከድኖ እንዲቆይ የሚወስኑ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጋታ-1 ሲበረታ ሕዋሱ ወደ ቀይ ደምነት ያዘነብላል፤ ፒዩ-1 ሲበረታ ወደ ነጭ ደምነት ያደላል፤ ረንክስ-1 ደግሞ ከፅንስ ዘመን ጀምሮ የደም መገኛ ሕዋሳት እንዲወለዱ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ መጽሐፉ በተጻፈበት በዲኤንኤው ላይና ዲኤንኤው በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች፣ አንዱን ክፍል ለንባብ ይገልጣሉ፤ ሌላውን ይዘጋሉ።

ይህ የንባብ ሥርዐት በተፋለሰ ጊዜ፣ ሕዋሱ ሊያድግና ሊበስል ሲገባው በልጅነቱ ይቀራል፤ ልጅነቱንም ሳይለቅ ይባዛል፤ ሊሞት በሚገባውም ጊዜ አይሞትም። መቅኔው በእነዚህ ባልበሰሉ ሕዋሳት ሲጨናነቅ ቀይ ደም ስለሚያንስ ሰውየው ይገረጣል፤ የሚያረጉ ሕዋሳት ስለሚጎድሉ ከድዱና ከአፍንጫው ይደማል፤ የበሰሉ ነጭ ሕዋሳት ስለማይገኙም ትንሹ ቁስል ወደ ብርቱ ትኩሳት ይለወጣል።

የመፋለሱ ምክንያት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960፣ ፒተር ናውልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ በፊላደልፊያ ከተማ በአንዳንድ ታማሚዎች ሕዋስ ውስጥ አጥሮ የሚታይ ክሮሞሶም፣ ይኸውም የዲኤንኤ ጥቅል፣ ባገኙ ጊዜ ነው። በ1973 ጃኔት ራውሊ የጠፋው ቁራጭ በእርግጥ እንዳልጠፋ፣ ነገር ግን 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጫቸውን እንደ ተለዋወጡ አስረዳች፤ ከዚህም ልውውጥ የሚወለደው እንግዳ ፕሮቲን ሕዋሱን ያለ ዕረፍት «ተባዛ» እያለ ያዝዘዋል። በዚያው ዓመት የ8ኛውንና የ21ኛውን ልውውጥ አገኘች፤ በዚህኛው ረንክስ-1 ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ ይገልጣቸው የነበሩትን ዘረ-መሎች የሚዘጋ ሆኖ ይገኛል። የ15ኛውና የ17ኛው ልውውጥ ደግሞ የነጩን ሕዋስ መብሰል ያግዳል። በዚህ በመጨረሻው ላይ የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዤንዪ ከ1985 ጀምሮ ከቫይታሚን ኤ የወጣ መድኃኒት እየሰጠ፣ ክፉውን ሕዋስ በመግደል ፈንታ እንዲበስል አድርጎ ወደ ተፈጥሮ ሥርዐቱ መመለስ እንደሚቻል አሳየ። በ9ኛውና በ22ኛው ልውውጥ ላይ ደግሞ እንግዳውን ፕሮቲን ለይቶ የሚያስቆመው ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከዚያ በፊት በጥቂት ዓመት ውስጥ ይገድል የነበረውም ደዌ በየቀኑ ክኒን እየተወሰደ የሚኖሩበት ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር በቦስተን ለ16 ሕፃናት አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት ሰጥቶ 10ሩ ለጊዜው እንደ ተሻላቸው፣ ደዌው ግን እንደ ተመለሰባቸው ጽፏል። ከዚህ መመለስ የተገኘው ትምህርት የዘመኑን ሕክምና መሠረተ፤ አንድ መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ብዙ መድኃኒቶች በአንድነት በቀን በቀን ተቆጥረው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሊሰጡ እንደሚገባ ታወቀ። ይህ በተጠበቀባቸው ባለጸጋ አገሮች፣ በሕፃናት ላይ ከሚበዛው የደም ነቀርሳ ከ10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ይድናሉ። መድኃኒቱ በመካከል ሲቋረጥ ግን የተረፈው ጥቂት ሕዋስ ዳግመኛ መቅኔውን ይወርሰዋል።

በአገራችን የዚህ ሕክምና መዲና ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ኢማቲኒብም በዓለም አቀፍ በጎ አድራጎት በኩል ለድኾች በነጻ የታደለው በዚያ ነው። ለመቀሌ ሰው ይህ ማለት 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የአውቶቡስ ኪራይ፣ የማደሪያ ወጪ፣ ከእርሻና ከሥራ መለየት ማለት ነበር፤ ብዙዎችም መንገዱን አንድ ጊዜ ሄደው ሁለተኛ ለመሄድ አቅም አጥተዋል።

ስለዚህ መቀሌ የራስዋን ሐኪም ቤት ማግኘትዋ ታላቅ ነገር ነው። በኤርትራና በኢትዮጵያ ጦርነት፣ በግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በመቀሌው የአይደር ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ከአየር ወርዶ ሕፃናትና ሊረዱአቸው የሮጡ ሰዎች አለቁ። በዚያው በአይደር የተሠራውና በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተባበረው ሆስፒታል በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ቀስ በቀስም የሐኪም ማስተማሪያ፣ የነቀርሳም መታከሚያ ሆነ። ከትግራይ ብቻ ሳይሆን ከአፋርና ከሰሜን አማራ የሚመጣው ሕመምተኛ፣ ጣፊያው ያበጠው በወባ፣ በካላዛር ወይስ በደም ነቀርሳ መሆኑን መቅኔው ተቀድቶ በቅርብ የሚነገረው ሆነ። በማያውቀው ደዌ ልጁን ሲቀብር ለኖረ ሕዝብ፣ የደዌውን ስም ማወቅ ራሱ የፈውስ መጀመሪያ ነው።

ይህ ጅምር ሳይጸና በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ከዓመቱም ፍጻሜ አቅራቢያ ጀምሮ መንገዱ፣ ባንኩ፣ ስልኩ፣ አውሮፕላኑ ሁሉ ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ቀይ መስቀል በአውሮፕላን ያመጣው መድኃኒት ከብዙ ወራት በኋላ የገባ የመጀመሪያው ነበር፤ ለፍላጎቱም እጅግ ጥቂት ነበር። የአይደር ሐኪሞች የነቀርሳ መድኃኒት ማለቁን፣ የሚያድኑትን ሰው እያዩ እንዲሞት መተዋቸውን በአደባባይ ለዓለም ተናገሩ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈርሞ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ፣ በመቅኔው ውስጥ ተሸንፎ የነበረው ደዌ የሚጠብቀውን ዕድል አግኝቶ ነበር፤ መድኃኒቱ ለሦስት ዓመት ሊቆጠርለት የሚገባው ሕፃን ለሦስት ወር እንኳ አልተቆጠረለትምና።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ግዴታ ግልጽ ነው። በአይደርም ሆነ በሌሎቹ የአገሪቱ ታላላቅ ሆስፒታሎች የክሮሞሶምና የዘረ-መል ምርመራ በየክልሉ ሊቋቋም ይገባል፤ የትኛው ልውውጥ እንዳለ ሳይታወቅ የትኛው መድኃኒት እንደሚረዳ አይታወቅምና። የነቀርሳ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት በየሆስፒታሉ ይቀመጥ፤ በጦርነትም ጊዜ ቢሆን የመድኃኒት መንገድ እንደማይዘጋ ሕግ ይጽና፤ ሕጉም ይጠበቅ። የዚያ የጦርነት ዘመን ታሪክ ሲጻፍም፣ ጸሓፊው የጦር ሜዳውን ሟች ብቻ ቆጥሮ መዝገቡን አይክደነው፤ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሊድኑ ሲችሉ መድኃኒት በመታጣቱ ብቻ የሞቱት ከጦርነቱ ሟቾች እኩል ሊቆጠሩ ይገባል።