የላቲንን ቋንቋ በአንደበት ስለ መማር

ሕፃን ከእናቱ አፍ የማይቀበለው ቋንቋ ሞተ ይባላል። የላቲን ቋንቋ ግን ከእናት ቤት ከወጣ በኋላ በትምህርት ቤት ብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። በመካከለኛው ዘመን ከልዩ ልዩ አገር ወደ ፓሪስ የመጡ ተማሪዎች የሚግባቡት በላቲን ስለ ነበረ፤ ሰፈራቸው እስከ ዛሬ የላቲን ሰፈር ይባላል። የሮተርዳሙ ኤራስመስም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታችም እንዲሁ ነው) በ1518 መታተም የጀመረውን የንግግር መጽሐፍ ያዘጋጀው፤ ልጆች ሰላምታውንም የገበታውንም ጨዋታ በላቲን እንዲለምዱ ነው። በ1533 የተወለደው ፈረንሳዊው ደራሲ ሞንቴኝ ደግሞ፤ አባቱ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ጀርመናዊ መምህር ቀጥሮለት፥ የቤቱም ሰው ሁሉ በላቲን ብቻ እንዲያናግረው ስላዘዘ፤ ስድስት ዓመት እስኪያልፈው ድረስ የአገሩን ቋንቋ አያውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ የየአገሩ ቋንቋ እየበረታ ሄደ። በ1687 ክርስቲያን ቶማስዩስ በላይፕሲሽ ዩኒቨርሲቲ በጀርመንኛ ለማስተማር ቢነሣ እንደ ድፍረት ተቈጠረበት፤ ኋላ ግን የእርሱ መንገድ ልማድ ሆነ። ላቲንም ከአንደበት ወጥቶ በዓይን ቀረ፤ ተማሪው መዝገበ ቃላት እየገለጠ አንዱን ገጽ በብዙ ሰዓት የሚፈታ ሆነ።

የሮም ቤተ ክርስቲያን ይህን ጕድለት በትእዛዝ ልታቀና ሞክራ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1962 ባወጡት ድንጋጌ፤ በካህናት ትምህርት ቤት ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች በላቲን እንዲሰጡ አዘዙ። ዳሩ ግን በላቲን እየተናገረ የሚያስተምር መምህር አስቀድሞ ተመናምኖ ስለ ነበረ፤ ትእዛዙ ብዙ ፍሬ አላፈራም።

ትእዛዝ ያልፈጸመውን አንድ መነኵሴ ጀመሩት። አሜሪካዊው የቀርሜሎስ ማኅበር መነኵሴ አባ ሬጅናልድ ፎስተር ከ1969 እስከ 2009 በቫቲካን የላቲን ጸሓፊ ነበሩ። ከ1985 ጀምሮም በዕረፍት ወራት ገንዘብ ሳይቀበሉ በሮም ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪዎቻቸውንም ወደ ጥንታውያን ስፍራዎች እየወሰዱ መጻሕፍቱን እዚያው ያስነብቧቸው ነበር። በ2020 ባረፉ ጊዜ ከደቀ መዛሙርታቸው ብዙዎች ራሳቸው መምህራን ሆነው ነበር። በአሜሪካም በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቴሬንስ ተንበርግና ሚሌና ሚንኮቫ፤ የመጀመሪያውን ማዕርግ ያገኙ ተማሪዎች ከፍተኛውን ትምህርት በላቲን እየተነጋገሩ የሚማሩበትን ክፍል አቋቋሙ። ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ሰው ብዙ ዓመት በዓይኑ የለመደውን በአፉ ሲጀምር እንደ ሕፃን ይኰላተፋል፤ ይህንም ውርደት መታገሥ የትምህርቱ መግቢያ ነው።

ተቃዋሚም አልታጣም። የሊቅ ሥራ ሲሴሮንና ታሲተስን መመርመር ነው እንጂ ስለ ምሳ መጨዋወት አይደለም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ንግግር ብቻውን ሊቅ አያደርግም። ነገር ግን ወዲያው መመለስ ያለበት ሰው መዝገበ ቃላት የሚገልጥበት ጊዜ ስለሌለው፤ የግሡ መድረሻ በጆሮው ይቀመጣል፥ ሲያነብም ዐረፍተ ነገሩን በተጻፈበት ተራ ይከተለዋል። በ2013 በነዲክቶስ 16ኛ መንበራቸውን እንደሚለቁ በላቲን በተናገሩ ጊዜ፤ ጆቫና ኪሪ የተባለች ኢጣልያዊት ጋዜጠኛ ንግግሩን ሰምታ ስለ ተረዳች ወሬውን ከሌሎች ቀድማ ለዓለም አሰማች።

ይህ ነገር ለግዕዝ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመስማት ብቻ አይመረቅም፤ የራሱን ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ። ግዕዝን ከመጽሐፍ የተማረው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮም ከኢትዮጵያ መነኰሳት ጋራ በተገናኘ ጊዜ፤ ሲያነብ ሳቁበት፥ ሲተረጕም ግን አደነቁት። ከዚያ በኋላ ከመነኰሳቱ አንዱ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ እየተነጋገረ ተማረ። በላቲን የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክም በ1681 ታተመ። መጽሐፍ የጀመረለትን ዕውቀት የፈጸመለት የመነኵሴው አፍ ነው።