«ኮምፕሮማት» ማለት ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝኛ ዜና ላይ ይህን ቃል ሰምታችሁ «ከኮምፕሮማይዝ ጋር ይገናኛል እንዴ?» ያላችሁን ተመልካቾች አላችሁ። አዎ፣ ይገናኛል። ግን ሰጥቶ ከመቀበሉ ኮምፕሮማይዝ ጋር አይደለም። እንግሊዝኛው ቃል ሌላም ትርጉም አለው፤ አንድ ባለሥልጣን «ኮምፕሮማይዝድ» ነው ከተባለ ተስማማ ማለት ሳይሆን የሚያዝበት ነገር አለ ማለት ነው። ሩሲያኛው ኮምፕሮማትም «ሰውን የሚያዋርድ ማስረጃ» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት ቃላት ተቆርጦ የተገጠመ ነው።

በአማርኛ «ገመና» ብንለው ግማሹን ብቻ ነው የምናገኘው። ገመና ሁሉም ቤት አለ። ኮምፕሮማት የሚሆነው ሰው ቀርጾት፣ መዝግቦት፣ ለክፉ ቀን ሲያስቀምጠው ነው። እኔ «የገመና መያዣ» ብለው ይሻለኛል፤ ባንክ ቤትህን እንደሚይዘው ማለት ነው። ዋናው ጉልበቱ ያለው በመውጣቱ ሳይሆን «ይወጣ ይሆን?» በሚለው ፍርሃት ላይ ነው።

ለዚህ ከዩሪ ስኩራቶቭ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሰውየው የሩሲያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ ክሬምሊን ውስጥ የተፈጸመ ሙስና እየመረመሩ ነበር። በ1999 (በፈረንጆቹ) መጀመሪያ ላይ አንድ ቪዲዮ በድብቅ ታየላቸውና «ጤናዬ ታውኳል» ብለው መልቀቂያ አስገቡ። እስከዚህ ድረስ መያዣው ሠርቷል። በማርች ወር ግን የላይኛው ምክር ቤት መልቀቂያውን ውድቅ አደረገው። ወዲያው፣ በዚያው ሌሊት፣ ዐቃቤ ሕጉን «የሚመስል ሰው» ከሁለት ሴቶች ጋር አልጋ ላይ ሆኖ በመንግሥት ቴሌቪዥን ታየ! ስኩራቶቭ ቪዲዮው የእኔ አይደለም አሉ። እውነተኛ ነው ብለው በአደባባይ የተናገሩት ደግሞ የወቅቱ የደኅንነት ኃላፊ ቭላድሚር ፑቲን ነበሩ። ከወራት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

አሜሪካ ውስጥ ቃሉ በየቤቱ የገባው በጃንዋሪ 2017፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ሰላይ የክሪስቶፈር ስቲል ሰነድ ይፋ ሲሆን ነው። ሰነዱ ሩሲያ በዶናልድ ትራምፕ ላይ ኮምፕሮማት አላት ይላል። ትራምፕ አስተባብለዋል፤ ውንጀላውም አልተረጋገጠም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ያፈተለከ ሰነድ ሁሉ ኮምፕሮማት አይባልም። «ብላክሜይል» ደግሞ ማስፈራራቱ ነው፤ ኮምፕሮማት የሚያስፈራሩበት ዕቃ ነው። የግድ እውነት መሆንም የለበትም፣ የተፈበረከም ይሠራል። በእንግሊዝኛ ለብዙ ቁጥር «ኤስ» አይጨመርበትም፤ አንድ ፎቶም ሆነ ሙሉ ካዝና፣ ያው ኮምፕሮማት ነው።