«ምን ለማለት ነው?» — ከአዲስ ዓለም ግድግዳ እስከ ተማሪው ሸራ

የተማሪ ሠዓልያን ዐውደ ርእይ በተከፈተ ቁጥር አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ «ይሄ ምን ለማለት ነው?» ጠያቂው አንዳንዴ ከልቡ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ «ይሄንንማ ልጄም ይሥለዋል» ለማለት ዳር ዳር እያለ ነው። ተማሪውም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ወይ «እንደ ተመልካቹ ነው» ብሎ ይገላገላል፤ ወይ ርግቧን እየጠቆመ «ሰላምን ለመግለጽ ነው» ይላል። እኛን ሁለቱም መልሶች አይጥሙንም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በሙሉ ተማሪው ላይ ከመለጠፋችን በፊት ጥያቄው ራሱ ከየት እንደመጣ እንይ። በዚህ አገር እንዲህ ብሎ መጠየቅ የማያስፈልግበት ረጅም ዘመን ነበረና። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራሱን የሚያስረዳው ሥዕል

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ሲወጡ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዲስ ዓለም አለች። በ1900 አካባቢ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶና የቤት እንጨት እየጠፋ ነበርና። በኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አተረፋት፤ አዲስ ዓለም ደግሞ ደብረ ጽዮን ማርያምን ይዛ ቀረች። የምዕራብ ሸዋ ልጅ ወደ ሥዕል ታሪክ ልግባ ካለ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም፤ እንዲህ ያለ ደብር ግድግዳ ፊት መቆም ይበቃዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘዴ ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ላይ ይሥልና ጨርቁን በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ቀዩንና ቢጫውን ከአፈር ያገኛል፤ ሌላውን ቀለም ነጋዴ ያመጣለታል። መጀመሪያ መስመሩን ያወጣል፣ ቀጥሎ ቀለሙን ይሞላል፣ በመጨረሻ መስመሩን በጥቁር ያጠነክራል። ይህንን ሁሉ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ እያየ ይማረዋል።

ትርጉሙስ? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳ በጎን ነው። የዐድዋን ጦርነት የሣሉትም ይህንኑ ደንብ ተከትለዋል፤ ወገን ፊት ለፊት፣ ጠላት በጎን። ይህም ካልበቃ ከሥዕሉ አጠገብ በግእዝ «ዘከመ...» ተብሎ ይጻፋል፤ «እንዴት እንደተወለደ»፣ «እንዴት እንደተሰቀለ» ለማለት ነው። ማንበብ የማይችለው ምእመን ታሪኩን ከስብከትና ከተአምረ ማርያም ያውቀዋል። ስለዚህ ሠዓሊው ቆሞ ማስረዳት አይጠበቅበትም ነበር፤ ደንቡ የጋራ ነውና።

ደንቡ የተሰበረበት ክፍል

በ1957 የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመሠረተ። መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የፍቼ ልጅ ናቸው፤ በ1954 ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተመርቀው የተመለሱ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

እስኪ እዚያ ክፍል የገባውን የመጀመሪያውን ተማሪ እናስበው። ሞዴሉ ከጎን ተቀምጧል። ተማሪው ብርሃኑንና ጥላውን ተከትሎ ያየውን ይሥላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይህ ሰው ክፉ ነው? አይደለም፣ ተማሪው የተቀመጠው በጎኑ ስለሆነ ነው እንጂ። አዲስ ዘዴ ሲገባ የቆየው ትርጉም ሳይነገር ወጣ ማለት ነው። አያቱ ሥዕሉን ቢያዩ «ይሄ ደግሞ ምን ለማለት ነው?» ቢሉ ምን ይገርማል!

ከዚያ ነገሩ ባሰ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና ቅርጽና ቀለም ብቻቸውን የሚናገሩባቸውን ሥዕሎች አሳየ፤ ማስተማርም ጀመረ። በ1966 ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጣ። ተመልካቹ ግራ ሲገባው የሚያስረዱ ጸሐፍትም ተነሡ። ከእነርሱ አንዱ ሰሎሞን ዴሬሳ የወለጋ ልጅ ነው፤ በዚሁ በአምቦ በኩል በሚያልፈው መንገድ ማዶ። ግን ስለ ሥዕል የጻፋቸው ጽሑፎች በአብዛኛው የወጡት በእንግሊዝኛ ነበር። «ምን ለማለት ነው?» ብሎ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የጠየቀው ሰው መልሱን አላገኘም።

በደርግ ዘመን መልሱ ከላይ ወረደ፤ ቀይ ኮከብ፣ የተጨበጠ እጅ፣ ማጭድና መዶሻ። ለማስረዳት ቀላል ነበር፤ ግን ሠዓሊው የራሱን ትርጉም አስረዳ ማለት አይቻልም።

እኛን ከሁሉ የሚያስደንቀን የወሰኔ ኮስሮፍ መንገድ ነው። በ1972 ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመርቆ በኋላ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ወሰኔ፣ ፊደልን የሥዕሉ አካል አደረገው። ድሮ ከምስሉ አጠገብ ቆሞ ያስረዳ የነበረው ፊደል ራሱ ምስል ሆነ! ፊደሎቹ ዘለው፣ ተጣመው፣ ተገልብጠው ይታያሉ፤ አንብባችሁ ቃል ልታወጡ ብትሞክሩ አይሳካላችሁም። ማብራሪያው ጠፋ እንዳንል ግን ሸራው ላይ አለ።

ዛፍ ነው ወይስ ሸንጎ?

ወደ አምቦ እንመለስ። እዚህ ሌላም ግድግዳ የሌለው ትምህርት ቤት አለ። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ያለችው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያ ናት። ኦዳ ለማያውቀው ሾላ ነው፤ ለሚያውቀው ሕግ የሚወጣበት፣ ሥልጣን የሚተላለፍበት ሸንጎ ነው። ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄም ለማያውቀው በትር ነው፤ ለሚያውቀው ጠብ የሚያስቆም መብት ነው።

እንግዲህ ከጊንጪ፣ ከጉደር ወይም ከጌዶ የመጣ ተማሪ ኦዳን ቢሥል ምን ሣለ? በአዲስ ዓለም ግድግዳ ደንብ የሚያየው አለ፤ በገዳ የሚያየው አለ፤ «ቆንጆ የተፈጥሮ ሥዕል» ብሎ የሚያልፍም አለ። ሦስቱም አንድ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። ዛሬ ሠዓሊው ማስረዳት ያለበት ተመልካቹ ደደብ ስለሆነ አይደለም፤ የጋራ ደንቡ ስለተበተነ ነው። «እንደ ተመልካቹ ነው» የሚለውን መልስ የምንጠላውም ለዚህ ነው። እርስ በርስ እየተያየን ሳንግባባ በምንኖርበት አገር ያ መልስ ነገሩን እንዳለ ይተወዋል።

ነገር ግን ጥያቄያችንም ይስተካከል። ብሩሽ የያዘ የክፍለ ሀገር ልጅ ችሎታውን የሚያፍታታው ብዙ ጊዜ በሱቅ ታፔላና በካፌ ግድግዳ ላይ ነው፤ ስለ ሥራው በቁም ነገር የሚጠይቀው ሰው ብዙ አያገኝም። «ምን ለማለት ነው?» ስንለው መፈክር እንዲነግረን እየገፋነው ነው። ይልቅ «በምን ሠራኸው?» እንበለው። ለምን ዘይት ቀለም? ለምን አፈር? ዛፉን ለምን ከሥር ወደ ላይ አየኸው? ከዛፉ ሥር ያሉት ሰዎች ፊታቸው ለምን ወደ እኛ ዞረ? ዘዴውን ሲያወራ ትርጉሙ ሳይታወቀው ይወጣል፤ የድሮው ደቀ መዝሙርም ትርጉሙን የተማረው መስመር በማውጣት ነበር።

እናንተስ? በከተማችሁ የተማሪ ሥዕል ባያችሁበት ቀን ምን ብላችሁ ጠየቃችሁ?