አቼቶው የማን ነው?

ዛሬ ስለ አሳማ ሥጋ እናወራለን። የደነገጣችሁ ተረጋጉ፤ ብሉ አላልንም። እኛን የሳበን ሥጋው ሳይሆን የሚፈስበት ማባያ ነው። እሱ ደግሞ ከአቼቶ፣ ከጨውና ከበርበሬ የሚሠራ ንጹሕ የጾም ነገር ነው። (ቅቤ የሚያስገቡበትም ነበሩ፤ እንደርስባቸዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው፤ በተለይ ከዋና ከተማዋ ከራሌይ ወደ አትላንቲክ ጠረፍ የሚዘረጋው ምሥራቃዊ ሜዳ። ለዚያ አገር ሰው ባርቤኪው ማለት እንደኛ ሰፈር ቅዳሜ ከሰል አያይዞ ሥጋ መጥበስ አይደለም። አንድ ሙሉ አሳማ በኦክና በሂከሪ እንጨት ፍም ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይበስላል። ሲነጋ ሥጋው ገና በጣት ሲነኩት ክር ክር እያለ ይፈታል። እሱን ከትክተው በማባያው ይለውሱታል። ማባያው እንደ ውኃ ቀጭን ነው፦ አቼቶ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተደቆሰ ቀይ ደረቅ በርበሬ። አለቀ። ቲማቲም ብሎ ነገር የለም።

ለምን አቼቶ? ግማሹ መልስ ምላሳችን ላይ ነው። የአሳማ ሥጋ ስብና ጅማት ይበዛዋል። ጅማቱ በዝግታ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ሟሙቶ ጄላቲን ይሆናል፤ ሥጋው የሚፈታታው ለዚህ ነው። ስቡ ግን አፍ ላይ ይከብዳል፣ ያንን ክብደት የሚያቀለው ጎምዛዛ ነገር ነው። ሌላው ግማሽ መልስ ታሪክ ነው። ባርቤኪው የሚለው ስም የመጣው ከካሪቢያን ነባር ሕዝቦች ከታይኖዎች ቋንቋ ነው። አሳማውን ወደዚያ ያመጣው ኮሎምበስ ነው፣ በ1493። በርበሬ የአሜሪካ ተወላጅ ነው (የኛም የበርበሬ ዘር መነሻው ከዚያው ነው፤ ዶሮ ወጣችንን የምናመሰግንበት አንድ ተጨማሪ አቅጣጫ!)። የፖም መጠጥ ደግሞ በየእርሻው ይጠመቅ ነበር፤ ሲሰነብት ኮምጣጤ ይሆናል። ሄይንዝ ኬቻፑን ለገበያ ያወጣው ግን ገና በ1876 ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር አቼቶው ነባር፣ ኬቻፑ መጤ ነው።

ይህን ለሌክሲንግተን ሰው እንዳትነግሩት። በዚያው ክፍለ ግዛት ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሚገኙት የሌክሲንግተን ሰዎች ሙሉ አሳማ ትተው ትከሻውን ብቻ ያበስላሉ፣ አቼቶውም ውስጥ ኬቻፕ ጠብ ያደርጋሉ። በሳውዝ ካሮላይና መሐል አገር ደግሞ ማባያው የሰናፍጭ ነው። በዚህ የሚነሳው ጭቅጭቅ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ነገር ነው፤ ማንም ማንንም አሳምኖ አያውቅም። ጭቅጭቁ ያስቃል፣ ቱሪስትም ይስባል። እኛን ያሳሰበን ግን ጭቅጭቁ የሸፈነው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ እሳቱ ዳር ያደረው ማን ነው?

በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ላጡ ጸሐፊዎች ደመወዝ እየከፈለ፣ በባርነት ኖረው ነጻነትን ያዩ አዛውንቶችን ቃል ያስመዘግብ ነበር። ከነዚህ አንዱ የሳውዝ ካሮላይናው ዌስሊ ጆንስ ነው። ቃሉን ሲሰጥ ዕድሜው ዘጠናን ተሻግሮ ነበር። የሚያስታውሰው ድግስ ነው። ከድግሱ በፊት ያለውን ሌሊት እንቅልፍ ሳይተኛ ያድራል። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ወይም ጥጥ ይጠቀልላል፣ ማባያው ውስጥ ይነክራል፣ ሥጋውን እየገለበጠ ይቀባል። ጠብታው ፍሙ ላይ ሲወርድ ጭሱ ራሱ ቅመም ቅመም ይላል፣ ያ ጭስ ተመልሶ ሥጋውን ያጥነዋል። ማባያው ውስጥ የሚገባውንም ዘርዝሮታል፦ ኮምጣጤ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀይ በርበሬ፣ ጨው፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ ሌላም አንድ ቅጠል። ድንብላልና በሶብላ! የሰውዬው ጓዳ ከእናቶቻችን ጓዳ ብዙም አይርቅም።

ልብ በሉ፣ ይህ የምግብ አሠራር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው እንጨቱ መቼ ፍም እንደሚሆን፣ ሙቀቱ የት እንደሚበረታ፣ ስቡ መቼ እሳት እንደሚያስነሳ በአፍንጫውና በእጁ የሚያውቀው ሙያ ነው። በእርሻዎቹ ላይ ያንን ሙያ የተሸከሙት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ድግሱ የጌታው፣ ምስጋናው የጌታው፣ ሌሊቱ የነሱ።

ሌሊት ደግሞ ሌላም ነገር ይመከርበታል። በ1800 ቨርጂኒያ ውስጥ ገብርኤል የተባለ አንጥረኛ ላሴረው አመፅ ሰው የሚመለመለው ዓሣና ሥጋ በሚጠበስባቸው የእሑድ ግብዣዎች ላይ ጭምር ነበር። በ1831፣ ኦገስት 21፣ ናት ተርነርና ባልደረቦቹ ከኖርዝ ካሮላይና ድንበር ብዙ በማይርቅ ጫካ ተገናኙ። አንዱ አሳማ አመጣ፣ ሌላው ብራንዲ። በሉ፣ ጠጡ፣ ተማከሩ። በዚያው ሌሊት በአሜሪካ ታሪክ ስማቸው ከሚጠሩት የባርነት አመፆች አንዱ ተጀመረ።

ባርነት በ1865 በሕግ ቀረ፤ ሙያው ግን ከባለሙያዎቹ ጋር ቆየ። ኖርዝ ካሮላይና፣ ጎልድስቦሮ ከተማ፣ አዳም ስኮት የተባለ ጥቁር የጽዳት ሠራተኛና ሰባኪ በ1917 ባርቤኪው መሥራት ጀመረ። የማባያው ቀመር በሕልሙ ታየው ይባላል። (ሕልም ይሁን የአያት ውርስ፣ እኛ አንገባበትም።) ልጁ አሻሽሎት በጠርሙስ ታሸገ። ከነዚያ ሁሉ ስም የለሽ ሌሊቶች ውስጥ ይህ አንድ ስም ጠርሙስ ላይ ወጣ።

ስም ጠርሙስ ላይ መውጣቱ ጥሩ ነው፤ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። ከካሮላይና ወደ ምዕራብ እንውጣና አላባማ፣ በርሚንግሃም እንግባ። እዚያ ኦሊስ የሚባል የባርቤኪው ቤት ነበር። 36 ሠራተኞች ነበሩት፣ ከነሱ ሁለት ሦስተኛው ጥቁሮች። ጥቁር ደንበኛ ግን ገዝቶ ይወጣል እንጂ ተቀምጦ አይበላም። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲወጣ ባለቤቱ መንግሥትን ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ የተፈረደውም ባልተጠበቀ ነገር ነው፦ በሥጋው። ቤቱ በዓመት ከሚገዛው ምግብ 46 በመቶው ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ሥጋ ነበር። ሥጋው ድንበር ስለሚሻገር ንግዱ የክፍለ ግዛቶች ንግድ ነው፣ ስለዚህም ኮንግረሱ ሊያዝበት ይችላል ተባለ። ኦሊስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተረታ። ሕግ አንዳንዴ ሰውን ነጻ የሚያወጣው በሥጋ ደረሰኝ ነው።

ወደ ካሮላይናዎቹ ስንመለስ ደግሞ ሰናፍጬ ይበልጣል የሚሉትን እናገኛለን። የሳውዝ ካሮላይናው ሞሪስ ቤሲንጀር የፒጊ ፓርክ ምግብ ቤቶች ባለቤት ነበር። ጥቁሮችን አላስተናግድም አለ፣ ሕጉ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር ይጋጫል ብሎም ተከራከረ። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ቁም ነገር የሌለው አድርጎ ነው ያየው። ሰውዬው ግን አልበረደለትም። በ2000 የኮንፌዴሬሽኑን ባንዲራ ምግብ ቤቶቹ ላይ ሰቀለ፣ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶችም ማባያውን ከመደርደሪያቸው አወረዱት።

ክብሩም ቢሆን ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው። አይደን በምትባል የምሥራቅ ኖርዝ ካሮላይና ከተማ፣ ነጩ ፒት ጆንስ በ1947 የከፈተው ስካይላይት ኢን ጣሪያው ላይ እንደ ዋሽንግተኑ ካፒቶል ያለ ጉልላት ተክሏል። የባርቤኪው ዋና ከተማ እኛ ነን ማለታቸው ነው። በ2003 የጄምስ ቢርድ ሽልማት አግኝቷል። ሥጋውንም ሙያውንም አናማም። በልጅነቱ በሳውዝ ካሮላይና፣ ሄሚንግዌይ፣ ሙሉ አሳማ በአቼቶና በበርበሬ ማብሰል የተማረው ጥቁሩ ሮድኒ ስኮት ያው ተቋም የክልሉ ምርጥ ሼፍ ያለው በ2018 ነው። ዌስሊ ጆንስ ጥጥ የጠቀለለበትን እንጨት ግን ጉልላት ላይ የሰቀለው የለም።

ለመሞከር ለምትፈልጉ፦ ሁለት ብርጭቆ አቼቶ (የፖም ከተገኘ ይመረጣል፣ የሱፐርማርኬቱ ነጩም ይሆናል)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተደቆሰ ደረቅ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። ጠርሙስ ውስጥ ከትታችሁ አራግፉት፣ አሳድሩት። እሳት አያስፈልገውም። አሳማ ለማትቀምሱ፣ ቀስ ብሎ የበሰለ የበሬ ትከሻ ወይም ፍየል ላይ አፍስሱት። ጆንስ ራሱ ያበስል የነበረው አሳማ ብቻ አልነበረም። የሱን ዓይነት የምትሹ ድንብላሉን፣ በሶብላውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቅቤውን ጨምሩ፣ ሞቅ አድርጉት፣ ሥጋው እሳት ላይ እያለ ቀቡት። ያኔ ታዲያ ጾም መሆኑ ቀረ።