ምራት የማትጠራው ስም፦ በከምባታና በሀዲያ ቤቶች የነበረው የሴቶች ቋንቋ

አንዲት አዲስ ሙሽራ እንበል። ዱራሜ አካባቢ ካለ መንደር ወደ ባሏ አባት ግቢ ከገባች ሁለት ሳምንት አልሞላትም። ከቤቱ ጀርባ እንሰት ቆሟል፣ ከብቶቹ በቤቱ አንድ ወገን ታስረዋል፣ አማቷ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ጎረቤት ብቅ ትልና "ስንት በግ አላችሁ?" ብላ ትጠይቃታለች። መልሱ ሁለት ነው። ሁለት በከምባቲሳም በሀዲይሳም ‹ላሞ› ይባላል። ሙሽራዋ አፏን ከፍታ መልሳ ትዘጋዋለች። የአማቷ ስም የሚጀምረው በ‹ላ› ነው።

ስማቸውን እንዳትጠራ መከልከሏ ብዙ አይገርምም። በሰሜኑም ቢሆን ምራት የአማቷን ስም በደረቁ አትጠራም፤ ባሏን ራሱን "አንቱ" ስትል የኖረች ሚስት ብዙ ናት። የከምባታው ሕግ ግን ከዚህ ያልፋል። የተከለከለው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ነው። የአማት ስም በ‹ላ› ከጀመረ ሁለት ቁጥር ከምራቲቱ አፍ ይወጣል። በ‹ሚ› ከጀመረ ደግሞ ቤት መባሉ ይቀራል፤ ቤት ‹ሚኒ› ነውና። የባል አባትም የባል እናትም ስም ስለሚከበር ኪሳራው ከሁለት ወገን ነው። ሙሽራዋ ወደ አዲሱ ቤት ስትገባ ከእናቷ የተማረችው ቋንቋ በሁለት በኩል ተሸርፎ ይጠብቃታል።

ልማዱ ‹ባሊሻ› ይባላል፤ ‹ሻ› ጠበቅ ይላል። ስሙ በእነዚህ ቋንቋዎች አማትን ከሚያመለክተው ቃል የወጣ ነው። ከአማርኛው ‹ባል› ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የእኛው ‹ባል› የግዕዙ ‹በዓል›፣ ማለትም ባለቤት የሚለው ነው። መመሳሰሉ ግን ያስቃል። ባሊሻ በከምባታ፣ በሀዲያና በሲዳማ የታወቀ ነበር። አንበሳ ተፈራ የሲዳማ ሴቶችን ባሊሻ በ1987 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጽፎበታል። የከምባታውን ደግሞ ጀርመናዊቷ የቋንቋ ተመራማሪ ኢቮን ትራይስ በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትማዋለች። ከሁለቱ በፊት ስለ ሀዲያና ከምባታ ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሳው የጦርነት፣ የግብርና የገዢዎች ነገር ነበር። እሳት ዳር የሚነገረው ብዙም ትኩረት አላገኘም።

ታዲያ ሴቲቱ ምን ትላለች? ዝም ብላማ ቤት አይተዳደርም። ውኃ ይቀዳል፣ እንሰት ይፋቃል፣ ቆጮ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ልጅ ይጠራል፣ ላም ይታለባል። ለብዙዎቹ የዘወትር ቃላት ሴቶች እርስ በርስ የሚያውቁት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ምትክ ቃል ነበራቸው። ይህ የባሊሻው መዝገብ ነው። ምትክ ቃል በሌለበት ቅርብ ትርጉም ያለውን ቃል ታነሳለች፤ ወይም ነገሩን በሥራው ትገልጸዋለች፤ ወይም ከጎረቤት ቋንቋ ትዋሳለች። አንዱ ቃል የሁለትና የሦስት ነገር ሸክም እየያዘ ይሄዳል።

የቤት ውስጥ ግርግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ረጋ ባለ ሰዓት ዙሪያውን ሄዶ መናገር ይቻላል። ወተቱ ሲገነፍል፣ ጥጃው ገመዱን በጥሶ ወደ እንሰቱ ሲሮጥ፣ ሕፃኑ ወደ ምድጃው ሲድህ ግን ጊዜ የለም። በድንጋጤ ከአፍ የሚያመልጠው በልጅነት የተማሩት ቃል ነው። አማት በተቀመጡበት የተከለከለው ድምፅ ሲያመልጥ ጥጃው ይረሳና ነውሩ ይቀራል። ባልም ከዚህ አያመልጥም። ሚስቱ ዕቃን በስሙ ሳይሆን በሥራው ጠርታ "አምጣልኝ" ስትለው ሌላ ይዞ ቢመጣ ምን ይገርማል? "ይኼን መቼ አልኩ" ብትለው "ታዲያ ምን አልሽ?" ይላታል። እሷ ደግሞ ለመመለስ የሚያስፈልጋትን ቃል መናገር አትችልም። በየቤቱ ያለ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው፤ የዚህኛው ምክንያት ብቻ የተለየ ነው።

ነገሩን ዘርዝሮ ለሚያየው የባል ቦታ አስቂኝ ነው። ልጅ ሳለ አፉን የፈታው እናቱ በምትናገረው ነው፤ እናቱ ደግሞ የአያቶቹን ስም ትሸሻለች። ሲያገባ ሚስቱ የራሱን አባትና እናት ስም ትሸሻለች። በአንድ ዕድሜ ሁለት የተለያዩ ባሊሻዎችን መስማት አለበት፤ አንዱንም ግን ራሱ አይናገርም። እህቶቹ በዚያው ቤት እየኖሩ የአባታቸውን ስም መነሻ እንደ ልብ ያወጣሉ። እነሱ ቃላቸው የሚጎድለው ተድረው ሌላ ግቢ ሲገቡ ነው። የወንድማማች ሚስቶች ግን አማታቸው አንድ ስለሆኑ የሚሸሹት ድምፅም አንድ ነው። ከተለያየ መንደር መጥተው በአንድ ግቢ የተገናኙ ባዳ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ አንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ የባላቸው እህት ቁጭ ብላ ታዳምጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ሸክሙ እኩል አልነበረም። ባል አማቶቹን በሌላ መንገድ ሊያከብር ይችላል፤ ስለ እነሱ ብሎ ቁጥር አቆጣጠሩን ቀይር ያለው ግን የለም። ምላሷን እንደገና እንድትቆርጥና እንድትሰፋ የተጠየቀችው፣ ከወላጆቿ ግቢ ወጥታ ሰው ግቢ የገባችው ልጅ ናት። "ባህላችን ውብ ነው" እያሉ ባሊሻን የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን ቢዘሉት ውለታ አይደለም። በሌላ በኩል ነገሩን የጭቆና ምልክት ብቻ ብሎ መዝጋትም ሴቶቹን ዳግም መናቅ ነው። አንዲት ምራት በየቀኑ፣ በየደቂቃው፣ እጇ ሥራ ላይ እያለ ቃል ታነጥራለች፣ ትተካለች፣ ትፈጥራለች። ይህን የሚያህል የቋንቋ ችሎታ ሌላ ቦታ ቢታይ ቅኔ ይባል ነበር።

በዓለም ላይ ባሊሻ ብቻውን አይደለም። የቅርብ ዘመዱ የሚገኘው ደግሞ የሆሳዕና ሰው በደንብ በሚያውቀው አገር ነው፤ ደቡብ አፍሪካ። የዙሉና የኮሳ ሚስቶች ‹ህሎኒፓ› የሚባል ልማድ አላቸው። ባለትዳሯ የባሏን አባትና የዘመዶቹን ስም፣ ከስሙም ድምፅ ጋር የሚገጥሙ ቃላትን ትሸሻለች። የቋንቋ ሊቃውንት እንዲያውም አንድ የሚደንቅ መላምት አላቸው። የዙሉና የኮሳ ቋንቋዎች ዛሬ የሚታወቁበት ምላስን በማጮህ የሚወጣ ድምፅ ከጥንት የእነሱ አልነበረም፤ ከኮይሳን ተናጋሪዎች የመጣ ነው። እንዲገባና እንዲለመድ በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ህሎኒፓ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ሴቶቹ የተከለከለውን ድምፅ በባዕዱ ድምፅ እየተኩት። እውነት ከሆነ የሁለት ታላላቅ ቋንቋዎችን ጠባይ የለወጡት ከአማቶቻቸው ስም የሚሸሹ ምራቶች ናቸው። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ የሄዱ ወጣቶች በደቡብ አፍሪካ ከተሞችና መንደሮች ሱቅ ከፍተው ይነግዳሉ። ከባንኮኒው ማዶ ሳሙናና ስኳር የምትጠይቀው የኮሳ አሮጊት፣ ነጋዴው አያቱ ትናገር የነበረውን ዓይነት ቋንቋ የምታውቅ ሴት ልትሆን ትችላለች።

በአገር ቤት ባሊሻ እንዴት ደከመ? በአዋጅ አልተሻረም። ቤት ውስጥ ያደገ ነገር የሚዳከመውም ቤት ውስጥ ነው፤ ግን ነፋሱ ከውጭ መጣ።

የመጀመሪያው እምነት ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሆሳዕና አካባቢ ደረሱ። ጣሊያን ካባረራቸው በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በአገሬው አማኞች እጅ ሰፋ፤ ኋላ ቃለ ሕይወት የተባለው የዚያ ውጤት ነው። ለባሊሻ ደግሞ ጸሎት ከባድ ፈተና ነበር። በከምባቲሳ አምላክ ‹ማጋኑ› ነው፣ አንድ ደግሞ ‹ማቶ›። የባሏ አባት ስም ማቴዎስ ቢሆን፣ ሕጉም በጥብቅ ቢያዝ፣ ምራቲቱ "አንድ አምላክ" ስትል ሁለቱም ቃላት ይከለከሉባታል። ከአማትና ከፈጣሪ የማንን ስም ታስቀድም? ጮክ ብሎ መጸለይና መዘመር በለመደ ጉባኤ ይህ የቃል ጨዋታ ሆኖ አይታለፍም። አዲሱ እምነት የቆየውን ልማድ ሁሉ በጥርጣሬ ሲያይ ባሊሻም አብሮ ተነካ።

ሁለተኛው ሥራ ፍለጋ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አገዳ ቆራጮቹን ካገኘባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ ከምባታና ሀዲያ ነበሩ። ወንጂ የደረሰ ሰው በፋብሪካው መንደር ነው የሚያድረው፤ አብራው የሄደች ሚስት ከአማቶቿ ጆሮ ትርቃለች። ሰሚ በሌለበት የሚጠነቀቁት ጥንቃቄ ቀስ በቀስ ይላላል። ከተሞቹም እንዲሁ ናቸው። ሆሳዕና ራሷ ስሟ የበዓል ስም ነው፤ የቀድሞው ‹ዋቸሞ› ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ላይ ይነበባል። በከተማ የአማርኛው ቃል ለምራት ምቹ መሸሸጊያ ሆነላት። በራሷ ቋንቋ "ቤት" ማለት ያልቻለች ሴት በአማርኛ "ቤት" ብትል ነውር የለበትም። መዋስ ከጥንትም የባሊሻ አንዱ ዘዴ ነበርና ልማዱ በራሱ መሣሪያ ተሸረሸረ ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው፤ ይህኛው ትንሽ ምጸት አለበት። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ከምባቲሳም ሀዲይሳም በላቲን ፊደል ተጽፈው የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ሆኑ። ለቋንቋዎቹ ትልቅ ድል ነው፤ ማንም አይክደውም። መማሪያ መጽሐፍ ግን ለአንድ ነገር አንድ ቃል ይፈልጋል። የሚመረጠው ቃል ሁሉም የሚያውቀው፣ ወንዱም ልጁም የሚናገረው ነው። የባሊሻው ቃል፣ ማለትም ሴቶቹ ለዘመናት ያከማቹት ትርፍ ስንቅ፣ በመጽሐፍ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ቋንቋው ፊደል ባገኘበት ዘመን የሴቶቹ ግማሽ ሳይጻፍ ቀረ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ወደ አንጋጫ ወይም ወደ ዶዮገና ወርደው አሮጊቶቹን "ይህ ምን ይባላል?" ብቻ ብለው ቢጠይቁ መልሱ ግማሽ ይሆናል። "አማትሽ ማን ይባሉ ነበር?" የሚለውም መከተል አለበት፤ ቃሉ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚገባው ያን ጊዜ ነውና። ጥያቄው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሥርዓቱ ያደገች አሮጊት ያንን ስም በአፏ አታወጣም፤ ልጇን ወይም የልጅ ልጇን ጠርታ በእነሱ ታስነግራለች።

ዛሬ የቀሩት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ዘርግታ ‹ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ› እያለች ስትቆጥር፣ የአማቷ ስም በ‹ላ› የጀመረባት አያት አጠገቧ እንሰት እየፋቀች ትሰማለች። አብረሽኝ ቁጠሪ ብትላት አያት ‹ማቶ› ብላ ትጀምርና፣ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ እሷ ብቻ የምታውቀውን ቃል ትላለች። ልጅቷ "ተሳሳትሽ፣ መጽሐፉ ላይ እንደዚያ አይልም" ብላ ትስቃለች።