ጉርሻ ወይስ ዕዳ?

የአንድ አነስተኛ ሱቅ ወይም ፋብሪካ ባለቤት በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ሲዘጋ አንድ ጭንቀት ይገጥመዋል። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ዕቃው በመጋዘን ተከምሯል፤ ገንዘቡ በደንበኞች እጅ ቀርቷል፤ ሠራተኞቹ ግን አምና የተቀበሉትን ቦነስ ዘንድሮም ይጠብቃሉ። ቢከለክል ቅሬታው፥ ቢሰጥ ኪሣራው ያስፈራዋል።

በአገራችን ይህን ገንዘብ ጉርሻ የሚሉት አሉ። ጉርሻ አጉራሹ ወዶ የሚሰጠው ነገር ነው፤ የቀረበት ሰው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ከዳኛ ፊት ቆሞ አይከስበትም። ቦነስስ እንዲህ ያለ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ጃፓንን ያህል ረዥም መልስ የሰጠ አገር ያለ አይመስለኝም። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፋቸውን ካወጡበት ጊዜ ጀምሮ አንባቢዎቻችን የዚያችን አገር ሥልጣኔ ያውቃሉ፤ የነጋዴዎቿ የዓመት መጨረሻ ግን ብዙ አልተጻፈበትም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከ1868ቱ የሜጂ ለውጥ በፊት፥ የዛሬዋ ቶክዮ ኤዶ ትባል በነበረችበት ዘመን፥ ለነጋዴ ቤት አገልግሎት የሚገባ ልጅ ገና ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይገባ ነበር። ደመወዝ የለውም። ምግቡና መኝታው ከጌታው ቤት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ማለትም በሰባተኛው ወር በሚውለው የሙታን መታሰቢያ በዓልና በዓመቱ መጨረሻ፥ ሺኪሴ የሚባል ልብስ ይሰጠዋል። በአንደኛውና በሰባተኛው ወር፥ ወሩ በገባ በ16ኛው ቀን፥ ፈቃድ አግኝቶ አዲሱን ልብስ ለብሶ ጥቂት የኪስ ገንዘብ ይዞ እናት አባቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። በእኛም አገር አሽከር በቀለብና በዓመት ልብስ ያድር እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ወግ እንግዳ አይሆንበትም።

ስጦታው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ዘመን ንግድ አብዛኛው በዱቤ ስለ ነበረ፥ ነጋዴው ሒሳቡን የሚሰበስበው በእነዚሁ ጊዜያት ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሲመጣ ገንዘብ ሰብሳቢዎች እስከ ሌሊት ድረስ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ የሚከፍለው ያጣ ተበዳሪም ይደበቃል። የሚትሱይ ቤተ ሰብ በ1673 በኤዶ ያቋቋመው ኤቺጎያ የተባለው የጨርቅ መደብር፥ ዱቤ ትቶ በእጅ በእጅ መሸጥ በጀመረ ጊዜ እንደ ታላቅ አዲስ ነገር የታየው ስለዚህ ነው። ዱቤው ያልተሰበሰበለት ጌታ ለአሽከሮቹ ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? የዛሬው ባለ ሱቅ ጭንቀት የተወለደው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

በዛሬው መልኩ በገንዘብ የሚከፈለው ቦነስ በጃፓን የተጀመረው በ1876 በሚትሱቢሺ የመርከብ ኩባንያ ነው ይባላል። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የባለቤቱን የኢዋሳኪ ያታሮን ቸርነት ለማሳየት ያወሩታል። እኔ ግን ከቸርነት ይልቅ ሌላ ነገር ይታየኛል። ኩባንያው በ1875 ከዮኮሃማ ወደ ሻንጋይ የሚሄደውን መሥመር ከፍቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ፒ ኤንድ ኦ የተባለው ኃይለኛ የእንግሊዝ የመርከብ ኩባንያ በዚያው መሥመር ላይ መጣበት። ሁለቱ ዋጋ በመቀነስ ተፋጁ። ኢዋሳኪም ወጭውን ሁሉ ቈረጠ፤ ከራሱ ደመወዝ ጀምሮ የሠራተኞቹን ደመወዝ አሳነሰ፤ ዕቃቸውን በእርሱ መርከብ ለሚልኩ ነጋዴዎች ዕቃውን መያዣ እያደረገ ገንዘብ አበደረ። እንግሊዞቹ ዓመቱ ሳያልቅ መሥመሩን ለቀው ሄዱ። ቦነሱ የተከፈለው ከዚህ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ነው።

ነገሩን በቅደም ተከተሉ ላየው ሰው፥ በመጀመሪያ የሰጡት ሠራተኞቹ ናቸው። በክፉው ወራት ከደመወዛቸው ተቀንሶባቸው ሥራቸውን ሳይተዉ ቈዩ፤ ድሉ ሲገኝ ገንዘብ ተሰጣቸው። ኢዋሳኪን ማመስገን ይገባል፤ የሚመሰገነው ግን እንደ ሰጭ ሳይሆን እንደ መልካም ተበዳሪ ነው።

ሆኖም ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዓመታት ከፍ ያለ ቦነስ የሚያገኘው በትልልቅ ኩባንያ ውስጥ በብዕር የሚሠራው ሰው ነበር። በእጁ የሚሠራው ወዛደርና የትንንሽ ሱቆች ሠራተኛ የሚደርሰው ሞቺዳይ ብቻ ነበር፤ ትርጓሜውም በአዲሱ ዓመት ለሚበላው የሩዝ ቂጣ መግዣ ማለት ነው።

በ1929 ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ኮኖሱኬ ማትሱሺታ በ1918 በኦሳካ ከሚስቱና ከሚስቱ ወንድም ጋር ሆኖ የጀመረው የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ አድጎ ነበር። የኒው ዮርክ ገበያ ሲወድቅ በጃፓንም ሽያጩ ቆመ፤ ዕቃው መጋዘኑን ሞልቶ ተረፈ። ባለቤቱ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሹማምንቱ መጥተው ከሠራተኞቹ ግማሹን እናሰናብት አሉት። እርሱ ግን ሥራው በግማሽ ይቀነስ፥ ፋብሪካው ግማሽ ቀን ብቻ ይሥራ፥ አንድም ሰው አይሰናበት፥ ደመወዝ ሙሉ ይከፈል፤ ነገር ግን ሁሉም የዕረፍቱን ቀን ትቶ የተከማቸውን ዕቃ ይሽጥ ብሎ አዘዘ። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ይህ ቦነስ አይደለም። ነገር ግን ማትሱሺታ በዚያ ክረምት ለሠራተኞቹ የሰጣቸው እንጀራቸውን ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የዓመት መጨረሻ ገንዘብ የለም። ለአነስተኛ ነጋዴ ይህ ምሳሌ ከኢዋሳኪው ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ መንግሥት የማይደግፈው ሰው ያለው ሀብት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸውና።

ከ1945 ሽንፈት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የዕቃ ዋጋ በየቀኑ ሲንር የሠራተኛ ማኅበሮች «ዓመት መሻገሪያ» የሚሉትን ገንዘብ በድርድር ይጠይቁ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ቦነስ በዓመቱ አጋማሽና በዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል የደመወዝ ክፍል ሆኖ ኖረ። የጃፓን ሕግ አሠሪውን ቦነስ ክፈል ብሎ አያስገድድም፤ የሚያስገድደው ውሉ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሲኖር ነው። ልማድ ግን ከሕግ ይበረታል። ቤት በብድር የገዛ ሠራተኛ በቦነሱ ወር ከሌላው ወር የበለጠ ሊከፍል ከባንክ ጋር ይዋዋላል። ስለዚህ ጌታው ገና ያላገኘውን ገንዘብ የሠራተኛው ቤት አስቀድሞ ተበድሮታል።

አነስተኛው ባለቤትም በበኩሉ ወደ ባንክ ይሄዳል። ለቦነስ መክፈያ ብቻ የሚሰጥ፥ በአብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቅ የብድር ዓይነት አለ። ለማያውቀው ሰው ለስጦታ መበደር ሞኝነት ይመስላል። ሞኝነት ግን አይደለም፤ ወርቅ እጅ ያለውን ሠራተኛ ከማጣት የስድስት ወር ወለድ ይቀላል። አደጋው ስድስቱ ወር ሲያልቅ ሌላ ቦነስ መድረሱ ነው። ባንኮች ራሳቸው በተናወጡበት በ1997ና በ1998 ብድር ሲነፍጉ የብዙ ትንንሽ ቤቶች ጕሮሮ ታነቀ፤ መንግሥትም በ1998 ኦክቶበር ላይ ለአነስተኛ ድርጅቶች ብድር ልዩ ዋስትና ለመስጠት ተገደደ።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በሕግ ቈርጠውታል። በአርጀንቲና ዲሴምበር 20 ቀን 1945 የወጣው ድንጋጌ የዓመቱን ደመወዝ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ጨምረው እንዲከፍሉ ባዘዘ ጊዜ አሠሪዎች በጃንዋሪ ሱቃቸውንና ፋብሪካቸውን ዘግተው ተቃወሙ፤ አልቀናቸውም፤ በፌብሩዋሪ ምርጫ ድንጋጌውን የደገፈው ፔሮን አሸነፈ። በፊሊፒንስ በ1975 የወጣው ዐሥራ ሦስተኛ ወር ደመወዝ ደግሞ፥ በማስፈጸሚያ ደንቡ ውስጥ ከባድ ኪሣራ የደረሰባቸውን አሠሪዎች ነጻ የሚያወጣ አንቀጽ ነበረው። ይህ አንቀጽ የጥበበኛ ሥራ ይመስለኛል።

በጃፓን ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም፤ አንድ ቃል አለ። ባለ ሱቁ ቦነስ ለመክፈል አቅም ሲያጣ ጥቂት ገንዘብ በፖስታ ከቶ፥ በላዩ ላይ «ሱንሺ» ብሎ ይጽፍበታል። ሱን ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን የጥንት መለኪያ ናት፤ ሺ የልብ ሐሳብ ነው። ፖስታውን በሁለት እጁ የሚቀበለው ሠራተኛ ውስጡን ሳይከፍት፥ ጌታው የዚያን ዓመት መዝገብ እንዴት አድርጎ እንደ ዘጋ ከላዩ ያነበዋል።